የመጀመሪያዋ መስመር

የእህቴ ባል የቢሮው አለቃ ነው። ገመድ እንድዘረጋ ነበር የቀጠረኝ። ሼል የሚባለውን የኮምፒውተር ትእዛዝ ቋንቋ ግን ማንም ሳያስተምረኝ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ፣ የመሐንዲሶቹን ኮድ ሰብስቦ ፕሮግራም አድርጎ የሚያወጣውን ስክሪፕት የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚያ ቢሮ የኔ የምለው ያንን ስክሪፕት ብቻ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ፎቶ የተነሳ ቀን ካሜራውን ያስያዙት እኔን ነው። «የጋሼ እጅ አይንቀጠቀጥም» አለች ከመሐንዲሶቹ አንዷ፣ ባለዲግሪዋ፤ ሁሉም ሳቀ። ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እኔ የለሁበትም።

ስክሪፕቴ የሚሠራበት የቢሮው ዋና ኮምፒውተር፣ አሮጌው ሰርቨር፣ ተነስቶ አዲስ የተተከለ ዕለት ስክሪፕቴ ቀጥ አለ። አለቃው ጠርቶኝ፣ እስከ ምሳ ካልተስተካከለ ባለዲግሪዋ የራሷን ስክሪፕት እንደምትጭን፣ እኔም ወደ ገመዴ እንደምመለስ ነገረኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እህቴን ሲፈልግ ግን ከደጄ አይጠፋም ነበር።

በኔ ኮምፒውተር ሞከርኩት፤ እንደ ውሃ ይፈሳል። አዲሱ ሰርቨር ላይ ግን የመጀመሪያው ቅንፍ ጋ ሲደርስ ይሄን አላውቀውም ብሎ ይተፋዋል። ቅንፉን ነቀልኩ፣ መልሼ ተከልኩ፣ ሰርቨሩንም ያመጣውንም ረገምኩ።

ባለዲግሪዋ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስረዳችኝ። የመጀመሪያዋ መስመር ላይ ተራውን ሼል ጠርቻለሁ፤ ከሥር ያለውን ሁሉ ግን የጻፍኩት ባሽ በሚባለው በሌላኛው ሼል አጻጻፍ ነው። አሮጌው ሰርቨርም የኔ ኮምፒውተርም ተራውን ሲሏቸው ዝም ብለው ባሽን ይሰጡ ስለነበር ነገሩ ተሸፋፍኖ ኖረ። አዲሱ የተጠራውን ያመጣል። ተራው ደግሞ ባሽ ከሚያውቀው ብዙውን አያውቅም።

«አንዲት ቃል ናት፣ ጋሼ» አለችኝ። «ባሽ ብለህ ቀይራት። እኔም አላልኩም፣ አንተም አልሰማህም።»

እውነቷን እንደሆነ ገብቶኛል። ጣቴም ቁልፉ ላይ ነበር። ግን ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም። ዛሬ ከእጇ ከተቀበልኩ ነገ ስክሪፕቱ የሷ ነው ሊባል ነው።

«ካሜራ የሚይዝ ስታጡ ጥሩኝ» አልኳት።

ወደ ወንበሯ ተመለሰች። እኔም እልህ ይዞኝ የሷን ቃል ትቼ ሙሉውን ስክሪፕት ተራው ሼል በሚገባው አጻጻፍ እንደገና ልጽፈው ተነሳሁ። አንዱን መስመር ስደፍን ሌላው ይቀደዳል። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲነሳ ገና መሃሉ ላይ ነበርኩ፤ አሁን በኔ ኮምፒውተርም አይሠራም።

አለቃው ወንበሬ አጠገብ መጥቶ ስክሪኑን አየና እሷን በዓይኑ ጠቀሳት። የራሷን ጫነች። ሠራ።

«ምድር ቤት አንድ የገመድ መስመር ተቋርጧል፣ ወንድሜ» አለኝ፤ «እሱን እይልን።»

ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። መሰላሉን ተሸክሜ ስወርድ እሷ ደረጃው ላይ አገኘችኝና፣ እንዳልፍ ብላ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።