ከካባው ውሃ የወጣው ሞተር

የድንጋይ ካባው ባለቤቶች ሥራ እንደገና ሊጀምሩ ጉድጓዱን የሞላውን ውሃ በፓምፕ ሲያስመጥጡ፣ ከሥሩ የዛገ መኪና ብቅ አለ። ኖሪን ፕሩይት ወሬውን የሰማችው ጋራዧ ውስጥ ከአንድ ፒካፕ ሥር ተኝታ ዘይት ስታወርድ ነው። የነገራት ራስል ኦትስ የሚባል የወረዳው ፖሊስ ነበር።

“የሃምሳ ሰባት ሞዴል ሸቭሮሌት ናት፣ ባለ ሁለት በር” አለ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ። “እንዲህ ያለች መኪና የጠፋችው ከሁለት ቤት ነው። ሌላ እኔ አላውቅም።”

ኖሪን ከሥር ወጥታ ተቀመጠች። አንደኛው ቤት የፋርማሲው ባለቤት የሃስኬል ነው፤ መኪናው ከደጁ ተሰርቃ ቀልጣ ቀርታለች። ሌላኛው የእነሱ ነው። ወንድሟ ዴልመር ለቬትናም ጦርነት ተጠርቶ፣ ምልምሎቹ በሚሳፈሩበት ማለዳ አውቶቡሱ ጋ ሳይደርስ ቀረ። መኪናዋም አብራው ጠፋች። በኢንዲያና፣ በዚያ ወረዳ ያለ ሰው በሙሉ “ጦርነቱን ሸሽቶ ካናዳ ገባ” አለ። አባታቸው ጋርላንድ “ፈሪ” እያለ የልጁን ልብስ ጓሮ አውጥቶ አቃጠለው፤ ስሙም በዚያ ቤት እንዳይነሳ ከለከለ። እናታቸው ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ከሁሉም ቀድማ እየተነሳች ኖረች። እንደዚያው እንዳለች ሞተች።

“ሰው አለባት?” አለች ኖሪን።

“እስከ መስኮቷ ጭቃ ሞልቷታል። ሰሌዳ የላትም፣ በሯ ላይ የነበረውንም የፋብሪካ ቁጥር ዝገት በልቶታል። አለቃዬ ‘የፋርማሲስቱ ናት፣ ለቁራጭ ብረት ትሂድ’ ብሏል። የእሱ ከሆነች ጭቃውን የሚያስጠርግ ምክንያት የለኝም። የወንድምሽ መሆኗን የሚያሳይ ነገር ካለሽ ግን አስቆማታለሁ።”

“ሞተሯ” አለች ኖሪን ሳታስብ።

የሃስኬል መኪና ከፋብሪካ ይዛ የመጣችው ሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት የሚባለውን ሞተር ነው። የዴልመርን ግን አባትና ልጅ አንድ ክረምት ሙሉ ተጋግዘው ለውጠውታል፤ ከተገለበጠ መኪና ትልቁን፣ ሦስት መቶ ሃያ ሰባት የሚባለውን፣ አውጥተው ገጠሙላት። ሁለቱ ሞተሮች ከውጭ ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው። ልዩነታቸው ውስጥ ነው፤ የትልቁ ሲሊንደር አፉ ሙሉ አራት ኢንች ይሰፋል፣ የትንሹ ከዚያ በአንድ ስምንተኛ ኢንች ይጎድላል።

አባቷን ወጥ ቤት ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ሲበላ አገኘችውና ስለ መኪናዋ ነገረችው።

“አልሄድም” አለ ቀና ሳይል።

“አባባ፣ ሞተሩን የገጠምከው አንተ ነህ።”

“ያንን ልጅ በቤቴ አታንሺብኝ ብያለሁ።”

“ልጁን አላነሳሁም። ሞተር ነው ያልኩህ።”

ሽማግሌው ማንኪያውን አስቀመጠ። ተነሳና ከመሳቢያው የሲሊንደር ስፋት የሚለካበትን ካሊፐር አወጣ፤ በመሃረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

መኪናዋን በክሬን አውጥተው ነጩ ድንጋይ ላይ አስቀምጠዋታል። ጣሪያዋ ወደ ውስጥ ሰምጧል፣ ከበሮቿ ሥር ጥቁር ውሃ ይንጠባጠባል። ጋርላንድ ወደ መቀመጫዎቹ በኩል አንድ ጊዜ እንኳ ሳያይ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሄደ። መጀመሪያ ከጀርባ፣ ካምቢዮው ከሚገጥምበት ከንፈር ላይ ያለውን ቁጥር በሽቦ ብሩሽ ፈተገ። የሞተሩን ዓይነት የሚናገር፣ ፋብሪካው አብሮ የቀረጸው ቁጥር ነው፤ ቢነበብ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ነገር ግን ዝገቱ ተልጦ ሲወድቅ ቁጥሩንም ይዞት ወደቀ።

“ቴስታታው ይነሳ” አለ የሲሊንደሮቹን ክዳን እያመለከተ።

ኖሪን ብሎኖቹን በመፍቻ ሞከረች፣ እንቢ ሲሏት በመሮ ቆረጠቻቸው። ቴስታታው ሲነሳ የበሰበሰ ቅጠል ሽታ ወጣ። ጋርላንድ ፒስቶኑ ወደ ታች የወረደበትን ሲሊንደር መርጦ ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት አሸ። ብረቱ ብቅ እስኪል አሸ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የካሊፐሩን እግሮች ወደ ውስጥ ሰደደ፤ ግራና ቀኙን አስነካ፣ አወጣ።

“ሦስት ከሰባት ስምንተኛ” አለ። “ትንሹ ነው። የሃስኬል ናት።”

ራስል በረጅሙ ተነፈሰ። “እንግዲህ አባቴ፣ ደከሙልን።”

ኖሪን ግን አባቷን ስታይ ነበር። ካሊፐሩን ያወጣው የለካውን ስፋት እንደያዘ ሳይሆን እግሮቹን አጥፎ ነው። ቁጥሩን አላየም። በሕይወቱ ሙሉ አንዲትን ብሎን እንኳ ሁለት ጊዜ ሳይለካ የማይገጥም ሰው፣ አላየም።

“ወዲህ በለው” አለች።

“ምኑን?”

“ካሊፐሩን። አባባ፣ ስጠኝ።”

“ለካሁ እኮ! ጆሮሽ አይሰማም?”

እጁን ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀች። አልታገላትም። ሲሊንደሩ ላይ አጎንብሳ ለካች። ላቧን ጠርጋ እንደገና ለካች፤ በሌላው ሲሊንደርም ሞከረች። አራት። ሁሉም ሙሉ አራት ኢንች ነው።

“ራስል፣ ና እይ” ልትል አፏን ስትከፍት አባቷ ክንዷን ያዛት።

“ተይው” አለ በሹክሹክታ። “ካናዳ ነው ያለው። አርጅቷል። ልጆች ወልዷል። አንዷ እናትሽን ትመስላለች።” ክንዷን አልለቀቀም። “እኔ ፈሪ እያልኩ ስሰድበው የኖርኩት ለሌላ ነገር መስሎሽ ነው? ፈሪ ከሆነ በሕይወት አለ ማለት ነው። ተይው፣ ልጄ።”

“እማማስ? እሷም የምታስበው ካናዳ ነበር?”

ኖሪን ክንዷን አላቅቃ ፖሊሱን ጠራችው።

ጭቃውን በወንፊት ማጣራት ሁለት ቀን ፈጀ። ዴልመር ከመሪው ሥር ነበር፤ ቦት ጫማው፣ የቀበቶው ብረት፣ የቀረው አጥንት። ከኋላ ወንበር የሸራ ሻንጣ ተገኘ፤ ውስጡ ምላጭና የበሰበሰ ልብስ እንጂ ሌላ የለበትም።

ጋርላንድ ራስልን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው። ከካባው በላይ ያለው መንገድ በአንድ በኩል ወደ አውቶቡሱ መነሻ ይወስዳል፣ በሌላው ወደ ሰሜን አውራ ጎዳና።

“ፊቷ ወዴት ነበር?”

“ተገላብጣ ነው የወደቀችው፣ አባቴ። ማወቅ አይቻልም።”

“ማርሹስ? ስንተኛ ላይ ነው?”

“ሦስተኛ።”

“ሦስተኛ ከሆነ እየፈጠነ ነበር። የሚፈጥን የሚረፍድበት ሰው ነው። አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ነው፣ አይደለም?”

“የሚሸሽም ይፈጥናል፣ አባቴ” አለ ራስል፤ ወዲያውም በተናገረው አፈረ። ሽማግሌው ግን እንዳልሰማ ጥያቄውን መልሶ ጠየቀ። በማግስቱም ደውሎ ጠየቀው። ከቀብሩ በኋላም፣ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ ክንዱን ይዞ ጠየቀው።

ዴልመር ከእናቱ ጎን ተቀበረ። ኖሪን የመቃብሩን ድንጋይ ስታስቀርጽ የሞቱን ዓመት በወረቀት ጽፋ ለቀራጩ ሰጠችው።

ከዚያ ወዲህ ጋርላንድ ጋራዡን አልረገጠም። ኖሪን ሥራ ስትጨርስ ራቱን ይዛለት ትሄዳለች፤ ሬዲዮ ተከፍቶ ይበላሉ። እሱ ስለ ለካች ይቅር አላላትም። እሷም ስለ ዋሸ ይቅር አላለችውም። ሳህኖቹን አጥባ፣ በሩ መቆለፉን አይታ፣ ወደ ቤቷ ትነዳለች።