በመረቡ የተያዘችው ወፍ

የባሕሩ ዳርቻ ወደ ፓርክነት ሲለወጥ ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ ወደ ከተማ ገቡ፤ ማልሱን ብቻ ቀረች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ያረጀችው ከዚህ ባሕር ጭቃ ለምግብ የሚሆን ዛጎል ስትለቅም ነው። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት አለፈው፤ ልጇ የምትኖረው ቡሳን ከተማ ነው፣ ለበዓል ትደውላለች።

በሚያዝያ ወር አንድ ቀን ማለዳ፣ ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ሲገለጥ፣ ባሏ በካስማ በተከለው አሮጌ የዓሣ መረብ ላይ አንድ ነገር ሲንፈራገጥ አየች። ቡናማ ወፍ ናት፤ ምንቃሯ ረዝሞ እንደ ማጭድ ጎብጧል። ክንፏ ከክሩ ተጠላልፏል። ማልሱን ሻሿን ፈትታ ጣል አደረገችባትና ተጣራች። የፓርኩ ጠባቂ ታክ ጭቃው ላይ ከተሠራው የእንጨት ድልድይ ወርዶ እየሰመጠ መጣ።

«እማማ፣ ይህን መረብ ምነው እስካሁን ሳያነሱት?»

«መጀመሪያ እግርህን ከጭቃው አውጣ፤ ከዚያ ትቆጣኛለህ!»

ሳቀ። «ቢላዋ ይዘዋል? መቁረጥ አለብን።»

ማልሱን ወደ ቋጠሮዎቹ አጎነበሰች። እያንዳንዱን ቋጠሮ ባሏ ነው ያሰረው፤ የብርዱን ወራት ሙሉ ከሥሩ በእሳት በሚሞቀው የቤታቸው ወለል ላይ ተቀምጦ። በጥፍሯ ልትፈታው ሞከረች። ወፏ መንፈራገጧን ተወች።

«እማማ፣ እየደከመች ነው።»

ቢላዋውን ከቅርጫቷ አወጣችና ክሩን ራሷ ቆረጠችው።

ታክ በወፏ እግር ላይ ያለውን የመለያ ቀለበት ቁጥር አንብቦ ለቀቃት። ጥቂት ተራመደች፤ ከዚያ ጮኻ በረረች።

በሦስተኛው ቀን ታክ ደጇ መጣ። «ስለ ወፏ ቀለበት ጠይቀን ከአውስትራሊያ መልስ አገኘን። እዚያ ያሉ የወፍ አጥኚዎች ቀለበቱን ያሰሩላት ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ነው። ወደ ሳይቤሪያ ስትሄድም ስትመለስም እዚህ ነው የምታርፈው።»

«በየዓመቱ?»

«በዓመት ሁለቴ።»

እሱ ሲሄድ ማልሱን ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ከሠላሳ ጊዜ በላይ! ባሏ በሕይወት ሳለ እንኳ ወፏ በፊታቸው ስትመላለስ ኖራለች። እሷ ግን ለዛጎል እንዳጎነበሰች አንድ ቀን ቀና ብላ አላየቻትም። «ሰማህ?» ልትል ወደ ቤት ዞረች፤ ቤቱ ባዶ ነው።

በማግስቱ መረቡን ልትነቅል ወረደች። ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ካስማ ሲነቅል ሌላው መረቡን ይጠቀልላል። ታክን ልትጠራው አሰበችና ተወችው። አንዱን ካስማ ነቅላ ታጋድማለች፣ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዳ ትጠቀልላለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። ባሕሩ እየተመለሰ ሁለት ቀን ሥራዋን አስቋረጣት። በሦስተኛው ጨረሰች። መረቡን ተሸክማ ወጥታ ከጣሪያው ጥላ ሥር ሰቀለችው፤ ጭቃዋን ታጠበችና ለአንድ ሰው የሚበቃ ሩዝ ጣደች።