ተንሪን ማን ይጠባት?

ተንሪ ጎህ ሲቀድ ሞተች። ወንድ ሆና ተወልዳ በሴትነት የኖረች ናት፤ አገሬው እንደሷ ያለችውን ቻላባይ ይላታል። በሐይቁ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ስንቷን ሙሽራ አስጊጣ ድራለች። አሁን አስከሬኗ በቤቷ የቀርከሃ ወለል ላይ ተጋድሞ፣ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ፣ የሚያጥባት ጠፋ።

ታላቅ እህቷ ቤሴ መጀመሪያ ወደ ሴቶቹ ሮጠች። ጀናዛ አጣቢዋ ሐጂያ ማሬ ከደረጃዋ ሳትወርድ፣ "የወንድ ገላ እንዴት ልንካ? ወንዶቹ ይጠቡት" አለቻት።

ወንዶቹ መስጊዱ በረንዳ ላይ አቀርቅረው ተቀምጠዋል። ኢማሙ "ወንዶች ይጠቡ ብያለሁ፤ ኃጢአት የለውም" ቢሉም ንቅንቅ የሚል የለም።

ቤሴ ከመሃላቸው ጎረቤቷ ላ ማጋ ላይ አፈጠጠች። "አንተ! ሚስትህን ለሠርግህ ያስጌጠችልህ ማን ናት? ልጅህ ስትታመም አብራህ ያደረችውስ?"

"እትዬ ቤሴ፣ ድሮ ማን ክፉ አሰበ? ይሄ ከከተማ የመጣው ሰባኪ ነው 'ቻላባይ ርኩስ ነው' እያለ ሰዉን ያስፈራው፤ በየስልኩ የሚለቀቀውም ወሬ አለ። አጥቤያት ብወጣ ልጆቼን ምን ይሏቸዋል?"

"የምትፈራው አላህን ነው ወይስ ጎረቤትህን?"

ላ ማጋ ፊቱን ወደ መስጊዱ አዞረ።

ቤሴ እየተንገዳገደች ወደ ተንሪ ቤት ተመለሰች። ዝንብ መውረር ጀምሯል። የማጠቢያውን ባልዲ እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ተዘረፈጠች። ያኔ ደረጃው ሲንቋቋ ሰማች። አባቷ አምቦ ኡፔ ነበሩ፤ ተንሪን በልጅነቷ ከቤት ካባረሯት ወዲህ ደጇን ረግጠው አያውቁም።

"ሊስቁ ነው የመጡት?"

"ወንድ ነኝ፤ አባትም ነኝ። ማን ይከለክለኛል?"

ሽማግሌው ማጠብ ጀመሩ። ቤሴ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ውሃ ታቀብላቸዋለች።

"በልጅነቱ ያንቺን ሻሽ ጠምጥሞ ሲጨፍር እስቅ ነበር እኮ" አሉ ውሃውን እያፈሰሱ። "የጠላሁት ጀልባ ላይ አብረውኝ ዓሣ የሚያጠምዱት በሱ ሲስቁብኝ ጊዜ ነው።"

"ዝም ይበሉ አባባ። ውሃው ያልቅብናል።"

ከሌላ ከተማ በሞተር ሳይክል የደረሱት ሁለት የተንሪ ቻላባይ ጓደኞች ቃሬዛውን ከኋላ ያዙ፤ ከፊት ኢማሙና አባትየው። ሰው በየበሩ ቆሞ ያያል እንጂ የሚያግዝ የለም። ላ ማጋ ብቻ ራቅ ብሎ ይከተል ነበር። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመው ከሚያዩት አንዱ በስሙ ጠራው፤ እሱም መንገድ እንደሳተ ሰው ዞሮ ተመለሰ። አምቦ ኡፔን ጭቃው አዳልጧቸው ተንበረከኩ። ቤሴ ነጠላ ጫማዋን ጥላ ሮጠችና በሳቸው ቦታ ትከሻዋን አስገባች።