የጡብ እቁብ

ያን ቅዳሜ ጠዋት ጠሀ ሱቁን ከፍቶ፣ ቤቱን ከየት በኩል እንደሚያፈርሰው ሲያስብ ገበያተኛ መጥቶ ሲጠራው እንኳ አልሰማም። ሰውየው የኮት ቁልፍ ፈልጎ ነበር። «ወንድም፣ አለህ?» ብሎ ደጋግሞ ጠራውና መልስ ሲያጣ እየሳቀ ወደ ጎረቤት አለፈ። ጠሀ የልብስ ቁልፍና ዚፕ ሻጭ ነው። ይህ የፕላስቲክ ጡብ የሚሉት ነገር እስኪይዘው ድረስ ከመርካቶ ንቁ ነጋዴዎች አንዱ ነበር፤ አሁን ግን ምኑን ነቃ ይባላል።

የሚያፈርሰው ቤት ከሱቁ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ቁመቱ ከክንድ አይበልጥም። ቀይ ግድግዳ፣ ነጭ መስኮቶች፣ አረንጓዴ በረንዳ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ከፊት ለፊት ላየው ሰው ሙሉ ቤት ይመስላል። ጀርባው ግን ባዶ ነው። ይህን የሚያውቀው ጠሀ ብቻ ነው፣ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይመስለው ነበር።

ነገሩን የጀመረችው የሻሽወርቅ ናት። የሻሽወርቅ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሰልባጅ ትሸጣለች። አንድ ቀን ካፖርት ነው ተብላ የገዛችውን ቦንዳ ስትፈታ ከመሐሉ አንድ ጆንያ ሙሉ የፕላስቲክ ጡብ ወጣ። ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተሰክቶ የሚቆም የፈረንጅ ልጆች መጫወቻ። እስከ ቀትር የሸጠላትን ሰው ስትራገም ቆየች። ከቀትር በኋላ ተረጋጋችና በጣሳ እየሰፈረች ለጎረቤት ነጋዴዎች ቸበቸበችው። ሁሉም «ለልጆቼ» እያለ ገዛ። ለልጅ የደረሰ ጡብ ግን እስከ ዛሬ አልታየም።

ጊዜውም የተመቸ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከውጭ ዕቃ እንደ ልብ አይገባም፤ መደርደሪያው ባዶ፣ ነጋዴው ሥራ ፈት። የልጆች አባት የሆነ ሰው ሁሉ ባንኮኒው ሥር አጎንብሶ ጡብ ሲሰካ ይውላል። ገመድና ሸራ የሚሸጠው ጎበዜ የጭነት መኪና ጀመረና ጎማ አጠረው። ሚስማርና ማጠፊያ የሚሸጡት ጋሽ ኃይለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀመሩና ጣሪያው ላይ ሲደርሱ ጡብ አለቀባቸው። የሁሉም ሥራ በጅምር ቀረ።

የሌላ አገር ሰው ቢሆን ጡቡን በአንድ ላይ አድርገን አንድ ነገር እንሥራ ይል ይሆናል። የመርካቶ ሰው ግን መዋጮ ሲባል የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እቁብ እንጣላ» አለች የሻሽወርቅ። ቅዳሜ ቅዳሜ እያንዳንዱ አንድ ጣሳ ጡብ ይጥላል፣ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው ሁሉንም ጠቅልሎ ይሄዳል። እሷው ዳኛ ሆነች። ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ እንዲጠራም ተስማሙ፤ ያለ ዋስማ ማን እቁብ ይጥላል። አንድ ቀን የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጠብመንጃውን እንዳነገተ «የምን ስብሰባ ነው?» ብሎ ገባባቸው። የጎበዜን መኪና አየና ጎማው ተንጋዷል ብሎ አስተካክሎለት ወጣ።

እነዚህ ሁሉ በንግድ ያረጁ ሰዎች ታዲያ አንድ ነገር አላሰቡም። የብር እቁብ የደረሰው ሰው በብሩ ይነግድና ከትርፉ በየሳምንቱ ይጥላል። በጡብ ግን ምን ይነገዳል? የደረሰው ሰው የሚጥለው ከየት አምጥቶ ነው? ከሠራው ላይ አፍርሶ ነዋ። ይህ የገባቸው የመጀመሪያው ዕጣ ከወጣ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ዕጣ ደግሞ የጠሀ ሆነ።

ጋሽ ኃይለ ማርያም ዋስ ሆኑለት። ጠሀ ጡቡን ታቅፎ እየከነፈ ሄደ፤ ቀድሞ የነበረችውንም ጨመረባት፤ አንዲት ለክፉ ቀን ሳያስቀር በጠቅላላው የአባቱን ቤት ሠራበት።

የአባቱ ቤት ተክለ ሃይማኖት ነው ያለው። አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ነግደው ያቆሙት ፎቅ ነበር። አዋጁ ሲወጣ ትርፍ ቤት ተባለና ተወረሰ፤ ለቤተሰቡ ከጠሀ ሱቅ ጀርባ ያለችው ጠባብ ቤት ቀረች። አባቱም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩ። እናቱ እማማ መሊካ ስለዚያ ቤት አንድም ቀን አንስተው አያውቁም፤ እሱም አያነሳባቸውም። ሲሠራው እንኳ ተደብቋቸው ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ይዘውለት ሲመጡ አዩት። ጠሀ ክው አለ። እናቱ ሳህኑን አስቀመጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ቤቱን ከላይ እስከ ታች፣ ከፊት እስከ ኋላ መረመሩት።

«የማድ ቤቱ መስኮት የት ሄደ?» አሉ በመጨረሻ።

«እማ...»

«ደረጃውም በግራ ነበር። ምን ነካህ፣ እዚያ አይደለም እንዴ ያደግኸው? አፍርሰህ ሥራው።»

ከዚያ ወዲህ ሱቁ አለቃ አገኘ። እማማ መሊካ ጠዋት ጠዋት በርጩማቸውን ይዘው ይመጡና በረንዳው ጠበበ፣ ግድግዳው ተንጋደደ እያሉ ጠሀን ያስደገድጉታል። ገበያተኛ ሲመጣ «ቆይ ልጄ፣ ሥራ ይዘናል» ይሉታል። በየትኛው ክፍል ማን እንደተወለደ፣ አባትየው ከየትኛው ደረጃ ላይ ተንከባለው ወድቀው «ለሰው እንዳትናገሩ» እንዳሉ እየሳቁ ያወራሉ። ጠሀ እናቱን እንዲህ ሲያወሩ ሰምቷቸው አያውቅም። ደስታው ልክ አልነበረውም። ያቺ ቤት እንደቆመች ብትቆይለት ሌላ ምንም አይፈልግም ነበር።

ቅዳሜ ግን አይቀርም። ጠሀ በመጀመሪያው ሳምንት የጀርባውን ግድግዳ ነቅሎ ጣለ። ቀጥሎ የውስጥ ክፍሎቹን፣ ቀጥሎ ደረጃውን። አርብ አርብ እናቱ ሊሰግዱ ወደ ቤት ሲገቡ ቶሎ ቶሎ ይነቅልና ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ያስቀምጠዋል። መቆሚያ ሲያጣ ከኋላው የዚፕ ካርቶን አስደገፈው። እናቱ ምንም አላሉም፤ ስለ በረንዳው ማውራታቸውን ቀጠሉ።

አሁን የቀረው ፊቱ ብቻ ነው። ከእሱ ከነቀለ እናቱ ያያሉ። ካልነቀለ እቁቡ ተቋረጠ። መርካቶ ውስጥ ደግሞ እቁብ ያቋረጠ ሰው በማግስቱ ዱቤ የሚሰጠው ቀርቶ ሰላም የሚለው አያገኝም፤ የተጣለው ብር ይሁን ጡብ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ጠሀ እጁን ወደ በረንዳው ዘረጋና መለሰው። ሲወጣ ሲገባ ቆየና ባዶ ጣሳውን ይዞ ሄደ።

እቁብተኞቹ በየሻሽወርቅ መጋዘን ተሰብስበው ጠበቁት። ዳኛዋ ጣሳውን ተቀብላ ወደ ውስጥ አየች።

«ጠሀ፣ ይሄ ባዶ ነው።»

«ዛሬ የለኝም፣ የሻሽ።»

«ባለ ፎቅ ሰው የለኝም ሲል ሰማችሁ?» አለ ጎበዜ።

«የቀረው ፊቱ ነው። እናቴ እሱን እያየች ነው የምትውለው። አልነቅልም፤ የፈለጋችሁትን በሉኝ» አለ ጠሀ።

ጎበዜ በቀልዱ አፈረ። የሻሽወርቅም ልቧ ሳይራራ አልቀረም፤ ግን ዳኛ ናት። ዓይኗን ወደ ጋሽ ኃይለ ማርያም መለሰች። «ዋስ» አለች ቀስ ብላ።

ሽማግሌው ወዲያው ተነሡ። ሱቃቸው እዚያው አጠገብ ነው፤ ሄደው ያልተጨረሰውን ቤተ ክርስቲያናቸውን ታቅፈው መጡ። ተቀምጠው ከጉልላቱ ጀምሮ እየነቀሉ ጣሳው ውስጥ ይጥሉ ጀመር።

«ጋሼ፣ ይተዉት እባክዎ» አለ ጠሀ።

«ዋስ ነኝ እኮ ልጄ። ዋስ የሚጠራው ለምን መሰለህ?»

ጠሀ መግቢያ ጠፋው። እያንዳንዷ ጡብ ጣሳው ውስጥ ጠብ ባለች ቁጥር ፊቱ ይቀላል። ሮጦ ሄዶ በረንዳውን ሊያመጣ ሲነሳ ከበሩ ላይ ድምፅ ሰማ።

«ኃይለ ማርያም፣ ይተዉ እንጂ። የጸሎት ቤት ይፈርሳል እንዴ? ነውር ነው።»

እማማ መሊካ ነበሩ። በነጠላ የተሸፈነ ትሪ ይዘዋል። ነጠላውን ሲገልጡት የቤቱ ፊት ከነበረንዳው ተጋድሞበታል። ሁሉም ብድግ አለ። ጠሀ ግን ሌላ ነገር ነው ያሰበው። ከሱቁ ወደ የሻሽወርቅ መጋዘን የሚያመጣው አቋራጭ በተወረሰው ቤት ደጃፍ ያልፋል። እናቱ ቤቱ ከተወሰደ ጀምሮ ያን መንገድ ረግጠውት አያውቁም፤ ተክለ ሃይማኖት ጉዳይ ሲኖራቸው በእህል በረንዳ ዞረው ነው የሚመጡት። ዛሬ ደግሞ እሱ ከሱቁ ከወጣ ገና ምንም ያህል አልቆየም።

«እማ፣ በየት በኩል መጣሽ?»

«በደጃፉ ነዋ። በእሱ በኩል ይቀርባል» አሉና እፎይ ብለው ተቀመጡ። «ቢጫ ቀብተውታል። ምኑም አያምር። የኛው ይሻላል።»

ጠሀ ሳቁም እንባውም እኩል መጣበት። «ጀርባው እንደሌለ ታውቂ ነበር?»

«ዓይኔ ደከመ እንጂ መቼ ጠፋ? ደብቄያታለሁ ብለህ ደስ እንዲልህ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ባዶ ጣሳ ይዘህ ስትወጣ አየሁህ» አሉ እየሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋና ወደ ዳኛዋ ዞሩ። «የሻሽወርቅ፣ ስሚኝ። ያን ጊዜ የበሩን ቁልፍ ሲወስዱ እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ደጅ ቆሜ አየሁ፣ በቃ። ዛሬ ደግሞ ልጄ ቤቴን ሳይነግረኝ እየነቀለ ለሰው ይሰጣል። አይሆንም። ቤቴን የምሰጥ እኔ ነኝ።»

ጣሳውን ተቀበሉ። የጋሽ ኃይለ ማርያምን ጡቦች ለራሳቸው መለሱ። ከዚያ በገዛ እጃቸው በረንዳውን ነቀሉ፤ ቀጥለው በሩን፣ ቀጥለው ግድግዳውን። ጠሀ ሊያግዛቸው እጁን ቢዘረጋ መለሱት። እያንዳንዷን ጡብ እያዩ ነው የሚጥሏት፤ ፊታቸው ላይ ግን ያ ጠሀ የሚፈራው ኀዘን አልነበረም። ሲጨርሱ ዕጣው ወጣና ለጎበዜ ደረሰ። ሰውየው ወሩን ሙሉ ጭንቀቱ ሁሉ የጎማ ነበር፤ አሁን ግን ጡቡን ለመቀበል አመነታ።

እማማ መሊካ አንዲት ነጭ መስኮት በተለይ አንስተው ሰጡት። «ይህች የመኝታ ቤቴ መስኮት ናት።»

«ለመኪናዬ አደርጋታለሁ፣ እማማ። ከሾፌሩ አጠገብ።»

«አድርጋት። ጥሩ ነፋስ ታስገባለች።»

ትሪው ባዶ ሆነ። እማማ መሊካ ግን አልተነሱም። «አሁን ደግሞ እኔንም አስገቡኝ» አሉ።

የሻሽወርቅ ግራ ገባት። «እትዬ መሊካ፣ ምን ጡብ አለዎትና ይጥላሉ?»

«ይኸው ጣልኩ እኮ። ያ ሁሉ የማን ነበር?»

ዳኛዋ እቁብተኞቹን አየች። ጋሽ ኃይለ ማርያም ከቤተ ክርስቲያናቸው ቀና ሳይሉ «ይግቡ እንጂ» አሉ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ጠሀ ማንም ሳይጠይቀው «ዋሷ እኔ ነኝ» አለ።

«ሲደርስዎት ያንኑ ቤት መልሰው ሊሠሩት ነው?» አለ ጎበዜ።

«እሱንማ ኖሬበታለሁ። የኔ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ከላይ ሆኜ ገበያውን ሁሉ ነው የማየው» አሉ እማማ መሊካ። ባዶውን ትሪ ለጠሀ አስይዘው ተነሡና፣ እሱ ሊናገር ሲጀምር ሳይጠብቁት በዚያው በመጡበት አቋራጭ ወደ ሱቁ አመሩ።