ድንኳን በር የለውም

ሰፊያ ካምፒንግ እንሂድ ያለችው፣ ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ሪቻርድሰን በሚገኘው መሥሪያ ቤቷ ድንኳን ውስጥ አድሮ የማያውቅ ሰው እሷ ብቻ መሆኗ ሲያንገበግባት ነው። ባልደረቦቿ ሰኞ ሰኞ የሚያወሩት ስለ ተራራና ስለ ትንኝ ነው። አንዷማ አልፕስ ተራሮች ሥር፣ ወይን እርሻ መካከል፣ ከድንኳን ደጃፍ እግሯን ዘርግታ የተነሣችውን ፎቶ ጠረጴዛዋ ላይ አቁማዋለች። ሰፊያ ያንን ፎቶ ዓመት ሙሉ ስታየው ከርማ ለባሏ ለዐብዱሰመድ፣ "የዘንድሮ ቬኬሽን ጣሊያን ነው፤ ድንኳን ውስጥ" አለችው።

ዐብዱሰመድ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል። ደሴ ነው ያደገው፤ ድንኳን የሚያውቀው ለሠርግና ለለቅሶ ነው።

"ማን ሞቶ ነው?" አላት።

ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር የምትኖረው ጓደኛቸው ሐዊ ደግሞ የስደተኞች ጣቢያ ውስጥ ተወልዳ ያደገች ናት። ወሬውን ስትሰማ በሳቅ ፍርስ አለች። "እኔ ከካምፕ ለመውጣት ያልለመንኩት ሰው የለም፤ እናንተ በአውሮፕላን ልትገቡበት? ሶ፣ ስንዴና ዘይት እዚያው ያድሏችኋል ወይስ ይዛችሁ ነው?"

ቦታው ግን ፎቶውን አላሳፈረም። ከላይ በረዶ የለበሰ ገደል፣ ከሥሩ በእርከን የወረደ ወይን፣ ከወይኑ ግርጌ ድንኳኖቹ የተተከሉበት ሜዳ። ዐብዱሰመድ መመሪያ የሚባል ነገር አያነብም፤ የድንኳናቸው አፍ ወደ ተራራው ዞሮ ተተከለ። የሌሎቹ በሙሉ ጀርባውን ለተራራው ሰጥቷል። ይህን ሰፊያ አይታለች፤ "እነሱ ቪውውን ለምደውት ነው" ብላ አለፈችው።

በማግስቱ ፀሐይዋ ከገደሉ ኋላ ስትገባ፣ ደጃፋቸው ላይ ድርቆሽ ፍርፍር ሠርተው ቀርበዋል። በወይኑ መደዳ መካከል አንድ ሽማግሌ ወረዱ። ጥቁር ባርኔጣ አድርገዋል፤ የወይን መግረዣ መቀስ ወገባቸው ላይ ሸጉጠዋል። ሣሩ በጤዛ ርሷል፤ ጫማቸው ደረቅ ነው። በየድንኳኑ ሲያልፉ ዚፕ ሲዘጋ ተሰማ፤ አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

"አየሽ ፈረንጅን?" አለ ዐብዱሰመድ። "እህል ላይ ሰው ሲመጣበት ይዘጋል። ጥጋብ!" ከዚያ ብድግ አለና፣ "ኑ አባባ፣ እንብላ!" ብሎ በእጁ ጠራቸው።

ሽማግሌው ቆሙ። ለረጅም ጊዜ ማንም ጠርቷቸው የማያውቅ ሰው ይመስሉ ነበር። መጥተው ተቀመጡና በእጃቸው በሉ። ቃል አልተነፈሱም። ጣታቸው ያረፈበት ፍርፍር እንፋሎቱ ቀጥ ይል ነበር፤ ሰፊያ ከዚያ ወገን መብላቷን ተወች።

በልተው ሲነሡ ዐብዱሰመድም አብሮ ተነሣ። አሳዳጊ የበደለው ካልሆነ በቀር እንግዳውን ብቻውን የሚያስወጣ ሰው የለም፤ እስከ ግቢው በር ይሸኛል። ድንኳን ግን በር የለውም። ዚፕ ነው ያለው፤ ከዚፑ ማዶ ተራራ ነው።

"እስከዚያች ዛፍ ሸኛቸውና ና" አለችው ሰፊያ።

ዛፏን ሲያልፉ አየቻቸው። ሳህኑን አጥባ፣ ሻዩን ደጋግማ አሙቃ፣ ድምፁን ስትጠብቅ ቆየች። ሲመለስ ያለከልክ ነበር፤ ጫማው በነጭ የድንጋይ ብናኝ ተሸፍኗል።

"የት ድረስ ነው የሸኘኸው ሰውዬ!"

"እኔ እንጃ። ዝም ብለው ይሄዳሉ። ትቻቸው ብመለስ ደግሞ ነውር ሆነብኝ። በኋላ ጨለማው ሲውጣቸው ጊዜ መጣሁ።"

ጠዋት የካምፑን ጠባቂ፣ ማታ ያዩት ሽማግሌ ቤት የት እንደሆነ ጠየቋት። ሴትየዋ ወደ ላይ አየች፤ ከዚያ እነሱን አየች። "ከወይኑ በላይ ቤት የለም" አለች። ቡናዋን አስቀምጣ መጣችና ድንኳናቸውን በገዛ እጇ ነቅላ ጠቀለለችላቸው።

ወደ ቤታቸው፣ ዳላስ ዳር ሜስኪት የተመለሱ ዕለት፣ ራት ሲያበቃ ዐብዱሰመድ እጁን ታጥቦ ጫማውን አደረገ።

"ልሸኛቸውና መጣሁ።"

"ማንን?"

እሱ ወደ ባዶው ወንበር ሰረቅ አድርጎ አየና፣ እንግዳ ፊት የማይጠየቅ ነገር እንደጠየቀች ሁሉ በዓይኑ ተቆጣት።

ያን ቀን መኪና ማቆሚያው ድረስ ሄዶ ተመለሰ። በማግስቱ እስከ ትራፊክ መብራቱ፣ ቀጥሎ ከነዳጅ ማደያው ማዶ። ሜስኪት ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ መኪናው ቆሞበታል ወይ ጭንቅላቱ፤ ጎረቤቶች መጀመሪያ "ራይድ ልስጥህ?" ይሉት ነበር፤ ኋላ መስኮታቸውን መዝጋት ጀመሩ። ሰፊያ ጫማውን ስታራግፍ የሚወርደው ያው ነጭ የድንጋይ ብናኝ ነው። የሜስኪት አፈር ጥቁር ነው።

አንድ ምሽት ተከተለችው። ሜዳ ላይ ነው የሚሄደው፤ ዳላስ ውስጥ ዳገት የሚባል ካለ የሀይዌይ ድልድይ ነው። እሱ ግን ወደፊት ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበቱን በእጁ እየደገፈ፣ ሽቅብ እንደሚወጣ ሰው ያለከልካል። በቀኙ በኩል ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትቷል፤ ለታላቅ ሰው እንደሚተወው። እዚያ ቦታ ላይ የደረቀው ሣር እየተረገጠ ይነሣ ነበር።

የዚያን ዕለት ሲመለስ ጢሙ ላይ በረዶ ነበር። በነሐሴ፣ ቴክሳስ! ሰፊያ በረዶውን በሻርፗ እየጠረገች ገባት፤ በየምሽቱ መንገዱ ይረዝማል፣ አንድ ምሽት ደግሞ መመለሻ የሌለበት ቦታ ይደርሳል። ባሏን እየሸኘች ነው።

ደሴ ላሉት ለእናቱ ለእማማ ሳሊሐ ደወለች። ሁሉንም ነገረቻቸው።

"እና፣ ተመለስ አላሉትም?" አሉ።

"ማ?"

"እንግዳው ነዋ! ሸኚ በገዛ ፈቃዱ ይመለሳል እንዴ? እንግዳ ነው መራቂም መላሽም። ልጄ እኮ በሥርዓት ያደገ ነው፤ ካላሉት እስከ ዕድሜው መጨረሻ ይሄዳል።"

"ሰውዬው ፈረንጅ ናቸው እማማ። ከየት ያውቁታል?"

"ንገሪያቸዋ!"

"በምን ቋንቋ?"

"እኔን ነው የምትጠይቂ? እንግሊዝኛ የተማርሽ አንቺ!" ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ቢስሚላህ ብለሽ ውጪ፣ የኔ ልጅ። ቶሎ በይ።"

ዐብዱሰመድ ወጥቶ ነበር። በመኪና፣ ሁለቱንም ፍሬቻ አብርታ፣ በእግር ፍጥነት ከኋላው ሄደች። ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ መንገዱ ከባዶ ሜዳ ሲገናኝ ደረሰችበት። ሰማዩ ገና ቀላ እንዳለ ነው። ፓርክ አድርጋ ስትወርድ ብርዱ አጥንቷ ገባ፤ የተጨመቀ ወይን ሸተታት።

ዞራ ከፊታቸው ቆመች። ወደ ባዶው ቦታ፣ ሰው ዓይን ሊኖር በሚችልበት ቁመት አየች።

"አባባ" አለች። በእንግሊዝኛ ጀመረች፣ ተወችው፤ በራሷ ቋንቋ ቀጠለች። "በእኛ ዘንድ የሚያሰናብት እንግዳው ነው። እርስዎ ካላሉት አይመለስም። ተመለስ ይበሉት። ተ-መ-ለ-ስ።"

የሩቅ ሀይዌይ ጩኸት ብቻ። ከዚያ ከባዶው ቦታ፣ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ድምፅ፣ እያንዳንዷን ፊደል እንደ ድንጋይ እያነሣ፦

"ተ... መ... ለስ።"

ዐብዱሰመድ ቆመ። ፊቱ ፈካ፤ ከስንት ቀን በኋላ የባሏ ፊት ሆነ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

"ኧረ በፍጹም አባባ!" አለ። "ትንሽማ ልሂድ እንጂ!"

በሥርዓት ያደገ ሰው በመጀመሪያው አይመለስም። ሰፊያ ይህን ታውቃለች፤ እሷም ብትሆን አትመለስም ነበር። ሁለተኛ መለመን አለበት፤ ሦስተኛ በሞቴ መባል አለበት። ሁለተኛውን ጠበቀች።

ፈረንጅ ግን የሚናገረው አንድ ጊዜ ነው። እንቢ ያለውን እንቢ ብሏል ብሎ ይወስዳል።

"ይድገሙለት!" ብላ ጮኸች። "አባባ፣ በአላህ ይድገሙለት!"

ጠጠር በሌለበት አስፋልት ላይ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ተሰማ፤ የሁለት ሰው እርምጃ። ዘላ ልትይዘው እጇን ስትዘረጋ ያገኘችው ጫማውን ነበር፤ በትከሻዋ ልክ። ሜዳው ላይ ቆማ፣ ባሏ ከራሷ በላይ፣ ከመጋዘኑ ጣሪያ በላይ፣ ጉልበቱን እየደገፈ ሲወጣ አየችው።

"ዐብዱሰመድ!"

ዞር ብሎ እጁን አውለበለበላት፤ ቀኙን ለሽማግሌው እንደለቀቀ።

"ግቢ አንቺ፣ ብርድ ይመታሻል!" አላት። "መጣሁ።"