ውሸታሙ ማዳመጫ

ሠላሳ ዓመት በሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ሲቀርጽ የኖረውን ጡረተኛ ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል። ሚስቱ ግን «እኔ ስጠራው ብቻ የሚደፈን ጆሮ» ትላለች።

አንድ ቀን ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የጆሮ ማዳመጫ ገዝቶ ገባ። በዕድሜ ትዳራቸውን የሚበልጥ፣ እንደ ብረት ድስት የከበደ ነው።

«በየጆሮው ሁለት ሁለት ድምፅ ማውጫ አለው» አላት። «አንዱ እንደማንኛውም ማዳመጫ ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ ይይዛል። ሌላዋ ግን ከፀጉር የቀጠነች ስስ ሽፋን ናት። ሹክሹክታ እንኳ አያመልጣትም።»

«ብቻ አንገትህን እንዳይሰብረው» አለችው።

ሊሞክረው፣ ባልደረባው በጥሩ ማይክ የቀረጸለትን የሠርጋቸውን ካሴት ማጫወቻው ውስጥ ከተተ። ከበሮው ሞቅ፣ ደብዘዝ ብሎ መጣ፤ ጭብጨባው ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ፊቱ በራ። ወዲያው ከዘፈኑ ጀርባ፣ እስከዛሬ ሰምቶት የማያውቀው ነገር ጥርት ብሎ ገባ፤

«ይሄ ከሲታ ነው ልጄን የሚያኖራት? ንፋስ ይወስደዋል እኮ!»

አማቱ ናቸው። ሚስቱን ጠርቶ አሰማት። ሳቋን ልትውጥ ስትል ትን አላት።

እሑድ አማትየው ሊጠይቋቸው መጡ። ገና ቁጭ ከማለታቸው «እማማ፣ እስቲ ይቺን ይስሙልኝ» ብሎ ማዳመጫውን ጫነባቸው።

«ማን ናት ይቺ ባለጌ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት!»

«እኔ? ዕቃህ ውሸታም ነው።»

ሊያወልቁት እጃቸውን አነሱና እዚያው ቀሩ። «ዝም በሉ!» አሉ፤ የተናገረ ሰው ግን አልነበረም። በማዳመጫው የሰሙት የሟች ባላቸው ድምፅ ነበር፤ «ተይው እባክሽ፣ እኔንም እናትሽ እንዲሁ ብለውኝ ነበር።» ቀጥሎ ያ ሳል የተቀላቀለበት ሳቃቸው።

ሦስት ጊዜ አስመልሰው ሰሙ። ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉና ማዳመጫውንም ካሴቱንም ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«እማማ፣ ማዳመጫዬ እኮ ነው…»

«ውሸታም ነው አልኩህ አይደል? ቤቴ ወስጄ እገሥጸዋለሁ። ማጫወቻውን ተሸክመህ ተከተለኝ።»

«ጆሮ» ማጫወቻውን ታቅፎ እሳቸው ቤት ድረስ አራት ፎቅ ወጣ። ሰካክቶ ሲጨርስ አማቱ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ከበሮውን አውጣልኝና የእሱን ድምፅ ብቻ ተውልኝ።»

ከበሮን ብቻ የሚያወጣ ቁልፍ በሠላሳ ዓመት ሥራው አላየም። ያም ሆኖ ወፍራሙን ድምፅ እስከ ጥጉ ቀነሰው።

«እንደሱ» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። «በል ሂድ፤ በሩን ስትዘጋው ደግሞ ቀስ!»