እዚህ ደርሻለሁ ያለው ማነው?

የሚጣ እናትና አክስት የተኳረፉት በአበባ ነው። እናቷ፣ ታናሽ እህቷ የገዛ ቤቷ ስለገባች፣ ልጇ በምትሠራበት የአበባ ድርጅት መተግበሪያ በኩል አንድ እቅፍ አበባ ከካርድ ጋር ላከችላት። የጻፈችው «እንኳን ለገዛ ቤትሽ አበቃሽ፤ ደስታሽ ደስታዬ ነው» ብላ ነበር። አክስት በሯ ላይ ተቀብላ የከፈተችው ካርድ ግን «ከባድ ሐዘን ነው፤ መጽናናቱን ይስጥሽ» ይላል።

«ቤት ስለገዛሁ ነው እናትሽ የምታዝነው?» አለች አክስት ወዲያው ለሚጣ ደውላ። «ቅናት እንዳለባትስ አውቃለሁ፤ እንዲህ በጽሑፍ ታወጣዋለች ብዬ ግን አላሰብኩም!»

«አክስትዬ ሙች፣ እማዬ እንደዚህ አልጻፈችም። የኛ ሲስተም ተሳስቶ ነው።»

«ሲስተሙ ከእኔ ጋር ምን ጠብ አለው?» ብላ ዘጋችው።

ሚጣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ፕሮግራመር ናት፤ ለቤተሰቡ ግን አሁንም ሚጣ ናት። በማግስቱ ቢሮ ስትገባ ሥራ አስኪያጁን ፊታቸው አመድ መስሎ አገኘቻቸው። ለካ የሐዘኑ ካርድ የሚገባቸው ቤተሰቦች ደግሞ አያታቸውን ቀብረው በተመለሱበት ቀን «እንኳን ለገዛ ቤትሽ አበቃሽ» የሚለው ደርሷቸዋል። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ይቅርታ ሊጠይቁ ሄደው ነበር። ደግነቱ ከሐዘንተኞቹ አንዷ ሳቋ አምልጧት ሌላውንም አሳቀችው እንጂ፣ አሸኛኘታቸው ሌላ ይሆን ነበር።

«ይሄ ነገር ከየት እንደመጣ ይታወቅልኝ» አሉ።

ሚጣ ሎጉን ከፈተች። ሎግ ማለት ፕሮግራም ሥራውን እየሠራ በጎን የሚጽፈው ማስታወሻ ነው፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ፕሮግራመር መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚያ ነው። እዚህ ድርጅት ውስጥ አንድ ትዕዛዝ በብዙ ፕሮግራሞች እጅ ያልፋል። አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ክፍያ ያረጋግጣል፣ አንዱ ካርድ ያትማል፣ ሌላው ለሞተረኛ ያስረክባል። ሁሉም እንደየጸሐፊያቸው ዐመል ነው የሚጽፉት። የካርድ ማተሚያው ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦

ገባ።
እሺ።
እዚህ ደርሻለሁ።
እዚህ ደርሻለሁ።
ይሄ ከታየ ጉድ ፈልቷል።
እሺ።

ይህን የጻፈው ከጎኗ የሚቀመጠው ባልደረባዋ ነው፤ ኮድ ሲጽፍ ከፍጥነቱ የተነሳ ጣቶቹ ስለማይታዩ ቢሮው በሙሉ አቦሸማኔ ይለዋል።

«እዚህ ደርሻለሁ ያለው ማነው?» ስትል ጠየቀችው።

«ፕሮግራሙ ነዋ።»

«የት ነው የደረሰው?»

አቦሸማኔ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ አየና ራሱን አከከ። «እዚያ ጋ።»

«የማንን ትዕዛዝ ይዞ?»

«እሱን እንኳ አልጠየቅሁትም።»

«የፈላው ጉድስ ምንድነው?»

«ስጽፈው በደንብ ገብቶኝ ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሚጣ ቀኑን ሙሉ «እሺ» እና «ገባ» ስታነብ ዋለች። ሁሉም በአንድ ላይ ስለሚያወራ፣ የትኛው እሺ የእናቷ፣ የትኛው የሐዘንተኞቹ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ዐይኗ ሲደክም ተነስታ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባች።

«ያለፈውን ማግኘት አልቻልኩም፤ የሚመጣውን ግን እይዘዋለሁ» አለቻቸው። «እያንዳንዱ ትዕዛዝ ገና በር ላይ ሲደርስ መለያ ቁጥር ይሰጠው። ቁጥሩን ይዞ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ይሂድ። ሁሉም ፕሮግራሞች ደግሞ ማስታወሻቸውን በአንድ ዓይነት መልክ ይጻፉ፤ ስንት ሰዓት ላይ፣ የትኛው ፕሮግራም፣ የትኛውን ትዕዛዝ፣ ምን አደረገው፣ ተሳካ ወይስ አልተሳካም።»

«ለአበባ መታወቂያ ልታወጪለት ነው?»

«አዎ። የሄደበትን ሁሉ እንዲናገር።»

አስፈቀደች። አቦሸማኔ ግን አጉረመረመ። «እሺ ማለትም ተከለከለ በይኛ!»

«እሺ በል፤ ለማን እንደሆነ ጨምርበት።»

የካርዶቹን ጽሑፍ ማስታወሻው ላይ ማስፈር ግን በፍጹም አልፈቀደችም፤ የሰው ሚስጥር ነው። ጽሑፉ ሲገባና ሲታተም አንድ መሆን አለመሆኑ ብቻ እንዲመዘገብ አደረገች።

ሥራው ጊዜ ወሰደ። እስከዚያው ሁለቱ እህቶች እንደተዘጋጉ ናቸው። እናቷ ሚጣ ከሥራ በገባች ቁጥር «ማሽናችሁ አልተናዘዘም?» ትላታለች።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት ስክሪኗ ላይ አንድ መስመር ቀልቶ ታየ፦ የገባውና የታተመው ጽሑፍ አይገጥምም። ሚጣ ተስፈንጥራ ወደ ታች ወረደች፤ ሞተረኛው ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ደረሰችበት። የያዘው አበባ አንድ ታካሚ ለጥርስ ሐኪሙ ለምስጋና የላከው ነው። ካርዱ ላይ ግን «ያላንቺ እንቅልፍ የለኝም፣ ፍቅሬ» ተጽፏል።

ተመልሳ የትዕዛዙን ቁጥር ስትጽፍ መንገዱ በሙሉ ከላይ እስከ ታች ተዘረጋላት። ጽሑፎቹ በአንድ ሰልፍ፣ አድራሻዎቹ በሌላ ሰልፍ ይሄዱና ማተሚያው ጋ በተራቸው ይጋጠማሉ። የአንዱ ጽሑፍ ረዘም ብሎ ሲዘገይ ግን የኋላው ይቀድመውና ከሌላ ሰው አድራሻ ጋር ይጣበቃል።

አቦሸማኔ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ አነበበ። «ወይኔ፣ ይሄ የእኔ እጅ ነው» አለ። ተራ በመጠበቅ ፋንታ በቁጥራቸው እንዲጋጠሙ አድርጎ፣ በዚያው ዕለት ከሰዓት አስተካከለው።

ሚጣ ላፕቶፗን ታቅፋ አክስቷ ቤት ሄደች። አክስት ስለ ሰልፉም ስለ ቁጥሩም ሰማች።

«እንግዲህ ራሴ ልሞክረው» አለች በመጨረሻ። «ለእናትሽ አበባ እልካለሁ። የጻፍኩት እንደጻፍኩት ከደረሰ አምናለሁ።»

ቅዳሜ ሚጣ እናቷ ጎን ተቀምጣ ትዕዛዙን በስክሪን ተከተለች። ገባ፤ ተከፈለ፤ ካርዱ ታተመ፤ ሞተረኛው ተረከበ። እናቷ በመስኮቱና በስክሪኑ መካከል ስትመላለስ በሩ ተንኳኳ። ካርዱ እንዲህ ይላል፦ «ለእህቴ። ታርቄሻለሁ። ወይን ጠጁን ሻርፔን ግን መልሺልኝ። አንቺ ጋ እንዳለ ድሮም አውቃለሁ።»

እናቷ ካርዱን ገልብጣ አየችው። «አየሽ? ዛሬም ተሳሳተ! የሌላ ሰው ካርድ ነው!»

ሚጣ መስመሮቹን አንድ በአንድ ፈተሸች። «እማዬ፣ ከአክስቴ ስልክ እስከ በራችን አንዲት ፊደል አልተነካችም።»

«እስኪ ደግመሽ እይው።»

ደግማ አየችው። እናቷ ትንሽ ተቁነጠነጠችና ወደ ቁም ሳጥኗ ሄደች። ከብርድ ልብሶቹ ሥር ወይን ጠጅ ሻርፕ ጎትታ አወጣች።

«ልመልስላት ነበር እኮ» አለች ልጇን ሳታያት።

አመሻሹ ላይ ተያይዘው ሄዱ። አክስት ሻርፑን ወደ መብራቱ ስትዘረጋው ብል እንደ ወንፊት በስቶታል። «ይሄንን ነው ስትጠብቂልኝ የኖርሽው?» ብላ ጮኸች። «አንቺ ጋ ቢሆን ብሉ አያገኘውም ነበር?» አለች እናት፤ ተያያዙት። አንዷ ስለ ጠፋ ጫማ ስታነሳ፣ ሌላዋ እህቷ አባታቸውን የዋሸችበትን ቀን ስታስታውስ፣ ጭቅጭቁ መቼ ወደ ሳቅ እንደዞረ ሚጣ አላወቀችም። አዲሱ ሶፋ ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወስዷት ነበር።